ምስጋና ለአዳማዋ የጎማ ሻጭ፤ ጥቆማ ለባለመኪናዎች

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአዳማ ከተማ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር በሚገኝ የጎማ መሸጫ የምትሠራ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና ሌሎች ባለመኪናዎችም ወደ እርሷ እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዳይወጣ እርሷ ራሷ ስለጠየቀችኝ አልጠቅሰውም፤ አድራሻውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እነግረዋለሁ። ደረቅ ምስጋና ብቻ ጽፎ መተው ግን ለእርሷም ለአንባቢም ስለማይበቃ፣ በቴሌግራም የሚለጠፈውን የጎማ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ከሚነገረው ጋር እንዴት አስተያይታ እንዳሳየችኝ በዝርዝር ማስፈሩን መርጫለሁ።

መኪናችን ከልጆቼ ጋር የምናስተዳድራት፣ ቀድሞ ሕዝብ ስታመላልስ የነበረች ሃይሩፍ ቶዮታ ሃያስ ናት። ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና 100 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ስለተገጠመላት ውጭ አገር ሞተርሆም ከሚሉት ዓይነት ሆናለች፤ አዋሽ ፓርክን፣ ባሌንና አርባ ምንጭን ለሚጎበኙ እንግዶችም እናከራያታለን። ከታክሲ ሃያስ የምትለየው አንድ ነገር አለ፤ ታክሲዋ ተሳፋሪ ሲወርድላት ክብደቷ ይቀንሳል፣ የእኛዋ ግን ግቢ ውስጥ ለሳምንታት ቆማም ቢሆን አልጋዋንና ምድጃዋን እንደተሸከመች ናት። ይህ ልዩነት የጎማ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ቀላል እንዳልሆነ ያስረዳችኝ ይህችው እህታችን ናት።

አራቱም ጎማዎች ከስኮርታው ጋር፣ በድምሩ አምስት፣ መቀየር ስለነበረባቸው ሱቆቹን ከመዞሬ በፊት ልጆቼ ከቴሌግራም ቻናሎችና ከፌስቡክ ዋጋ ሰበሰቡ። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው «195 በ15፣ አዲስ፣ ከነዋስትናው» የሚል ማስታወቂያ ሲሆን፣ አዳማ ውስጥ ከጠየቅነው ዋጋ በአንድ ጎማ ወደ 4 ሺህ ብር የሚጠጋ ቅናሽ ነበረው። በአምስት ጎማ ሲባዛ ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ነው። ሻጩ ዕቃው ሊያልቅ ስለሆነ ቀብድ በቴሌብር በዚያው ምሽት እንድንልክ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ጥድፊያው ነው እንግዲህ እኔን ያላማረኝ። ማስታወቂያውን በስልኬ ይዤ በማግስቱ ወደ ሱቆቹ ሄድኩ።

በሌሎቹ ሱቆች ማስታወቂያውን ሳሳያቸው የሰማሁት መልስ «ኦንላይን ውሸት ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለው መልስ ደግሞ እውነት እንኳን ቢሆን ለገዢ የሚጨምርለት ነገር የለም። እርሷ ግን ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችውና «ጋሼ፣ ዋጋውን ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ ጎኑ ላይ የተጻፈውን እናንብብ» አለችኝ። ከመደርደሪያዋ ላይ የእኛን ልክ ጎማ አውርዳ አጠገቡ አስቀመጠች። የእርሷ ጎማ ላይ 195R15C፣ 8PR (የጥንካሬ ደረጃው)፣ 106/104R የሚል ተጽፏል፤ ፎቶው ላይ ያለው ግን 195/65R15 91H ነው። ሁለቱም በንግግር «195 በ15» ናቸው፤ ስፋታቸው 195 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬያቸው 15 ኢንች ማለት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ መኪና የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው የቤት አውቶሞቢል ጎማ ነው። ቁመቱ ከእኛው በ5 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያንስ የፍጥነት ቆጣሪውን እንኳ ያዛባዋል፤ መኪናዋ ከምትሄደው በላይ እየሄደች እንደሆነ አድርጎ ያሳያል።

ዋናው ቁም ነገር ግን 91 እና 106 የሚሉት ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ የጭነት መለኪያ ቁጥሮች በመላው ዓለም ትርጉማቸው አንድ ነው፤ 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም፣ 106 ማለት ደግሞ እስከ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። 104 የሚለው፣ ማለትም 900 ኪሎ ግራም፣ ጎማው በአንድ ጎን ሁለት ሁለት ሆኖ ሲታሰር የሚሠራ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ከዚያም አንድም ጎማ ሳትሸጥልኝ ወደ ምድር ሚዛን ላከችኝ፤ ውሃውን ሞልተን፣ ጋዙንና የእንግዳ ሻንጣ የሚያህል ዕቃ ጭነን የኋላ እግሯን ብቻ እንድናስመዝን ነገረችን። የኋላው ብቻውን 1,580 ኪሎ ግራም ወጣ። የርካሹ ማስታወቂያ ሁለት ጎማዎች ተደምረው የሚችሉት 1,230 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የእኛ ልክ የሆኑት ሁለቱ ግን 1,900 ይችላሉ። ጎማ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ጎኑ በየዙሩ ከመጠን በላይ ስለሚታጠፍ ውስጡ ይግላል፤ በፈጣን መንገዱ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየተነዳ፣ ወይም ወደ መተሐራ በሚወርደው ሙቀት ውስጥ ይህ መጋል ወደ ፍንዳታ ሊያመራ እንደሚችል ለሾፌር አይነገረውም። ስለዚህ 4 ሺህ ብሩ ቅናሽ አልነበረም፤ የሌላ ዕቃ ዋጋ ነበር።

እዚህ ላይ ብታቆምም ምስጋናዬ አይጎድልም ነበር። ልጄ ግን ሌሎች ማስታወቂያዎችም ስለነበሩት፣ እህታችን ትክክለኛው ልክ ያለባቸውን ለይታ እያንዳንዱ ሻጭ የጎማውን አራት አሃዝ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አስጠየቀችው። እነዚህ አራት አሃዞች በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። አቆጣጠሩ የፈረንጅ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከተላኩልን ፎቶዎች በአንዱ ላይ 0820 የሚል ተነበበ፤ የ2020 ስምንተኛ ሳምንት፣ በእኛ የካቲት 2012 ማለት ነው። አንድም ቀን ያልተነዳ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ በፎቶ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ጎማ ነው፤ ነገር ግን ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ታላላቅ አምራቾች አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ማስመርመርን፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም መጣልን ይመክራሉ። እንደ እኛ ያለች ብዙ የምትቆምና ትንሽ የምትነዳ መኪና ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ስለሚያልቅ፣ ከማንም በላይ ቀኑን ማየት ያለብን እኛው ነን። ይህችው እህታችን የራሷን ሱቅ ጎማዎች ከመመርመርም አልተመለሰችም፤ ከደረደረቻቸው መካከል አንዱ ከሌሎቹ በዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ ስታገኘው ለብቻው አስቀምጣ ሌላ አወጣችልኝ።

ዋጋውን ወደ ማስላት የገባነው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ የተለጠፈው የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ሆኖ እስካሁን አልተነሣም። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ በእንዲህ ያለ ዋጋ ጎማ አገኛለሁ ብሎ መደወል ትርፉ ድካም ነው። ሌላው የተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ 12 ሺህ ብር ተብሎ የተለጠፈ ጎማ 15 በመቶው ሲታከልበት 13,800 ብር ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ታክሱን ያካተተ ነው። «ያለ ደረሰኝ ነው» የሚል ሻጭ ታክሱን ቢያስቀርም፣ ጎማው በወሩ ጎኑ ላይ ዕብጠት ቢያወጣ በምን ማስረጃ እንደምንመልሰው መጠየቅ ይገባል። በዚህ ላይ ከመርካቶ እስከ አዳማ የማስጫኛ፣ የማሰሪያ፣ የአዲስ ቫልቭና የባላንስ ክፍያ አለ። እርሷ ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ በሁለት ረድፍ ጽፋ ስትደምረው፣ ልካቸው ትክክል ከሆኑት ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ከሱቋ ዋጋ ጋር የነበራቸው ልዩነት ወደ መቶዎች ብር ወረደ። ወረቀቱን እስካሁን መኪናው ውስጥ አለኝ፤ ለሌሎች ባለመኪናዎችም አሳይቼዋለሁ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልወረደም፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ አንድ ሻጭ ትክክለኛውን ልክ፣ 1525 የሚል ቀን ያለበትን፣ ማለትም በሚያዝያ 2017 መግቢያ አካባቢ የተመረተ ጎማ፣ ማስጫኛውና ማሰሪያው ሁሉ ተደምሮበትም ከእርሷ ዋጋ ባነሰ ያቀርብ ነበር። ይህን ወረቀቱ ላይ ደምራ ያገኘችው እርሷ ራሷ ናት፤ ቁጥሩን ልትሸፍነው ብትፈልግ እኔ አላውቅም ነበር። «ይኼኛው እውነተኛ ነው፣ ቢገዙት አይከፋኝም» አለችኝ። እርሷ የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት ዘንድ ፊት ለፊቴ ደውላ ዋጋውን እንዲያስተካክል ጠየቀችው፤ እርሱም ከፊሉን ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። አዲስ አበባ የቀረው ጎማ ሁለት ብቻ ስለነበር ሁለቱን ከዚያ አስመጥተን ሦስቱን ከእርሷ ገዛን። ሁለት ዓይነት ጎማ በአንድ አክስል ላይ እንዳይታሰር አስጠንቅቃን፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ከፊት፣ የእርሷዎቹ ከኋላ ሆነው፣ ሦስተኛው ስኮርታ እንዲሆን ተደረገ። ሻጭ ሆኖ የተፎካካሪን ዋጋ በገዛ እጁ ጽፎ የሚሰጥ ሰው በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙም አላየሁም።

ጀርመን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ በመካከሉ ሌላ ሐሳብ አምጥቶ ነበር። እዚያ ለሞተርሆም ብቻ የሚመረት፣ ጎኑ ላይ ሲፒ የሚል ምልክት ያለበት ጎማ እንዳለ፣ ኦንላይን ሲገዛም 19 በመቶው ታክስ ተካቶበት ወደ አንድ ጋራዥ ተልኮ ማሰሪያው ለብቻው እንደሚከፈል ነግሮን፣ ልላክላችሁ አለ። እህታችን የላካቸውን ልኮች ስታያቸው 215/70R15 እና 225/75R16 የሚባሉት፣ በአውሮፓ ሞተርሆሞች የተለመዱት ሆነው አገኘቻቸው፤ የእኛዋ ሃያስ ልክ አይደሉም። ከአገር አገር የሚላክበት ወጪና የጉምሩኩ ነገር ሳይነሣ ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። ነገር ግን ሲፒ የተሠራበት ምክንያት፣ ማለትም ዘወትር ጭነት ላይ ያለ መኪና ጠንካራ ጎንና በቂ ንፋስ እንደሚያስፈልገው፣ ለእኛም እንደሚሠራ አስረዳችን። 106 የሚለው ጎማ 950 ኪሎውን የሚሸከመው ንፋሱ 4.5 ባር፣ በተለምዶው 65 ፒኤስአይ ሲደርስ ነው፤ ንፋሱ ከጎደለ የሚሸከመውም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ በሚዛኑ ክብደት መሠረት የኋላውን ከፊቱ ከፍ አድርጋ አስሞላችልን፤ ልኬቱም መኪናዋ ከመነዳቷ በፊት፣ ጎማው ሳይግል፣ በጠዋት እንዲሆን አሳሰበችን።

ያሰረልን ወጣት ጎሚስታም ሊመሰገን ይገባዋል። ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ያ ጎን ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ አስሮልናል፤ የቸርኬዎቹን ዝገት ፍቆ፣ ቫልቮቹን ሳንጠይቀው በአዲስ ቀይሯል። ነቀፌታ ካስፈለገ ግን አለኝ፤ የመኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ ባላንስ የሚሠራው ማሽን አንድ ብቻ ስለሆነም ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል። ባለሱቁ ይህን ቢያነብ ሠራተኛውን እንደሚያከብር ሁሉ ለደንበኛ መቀመጫ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ቢጨምር መልካም ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች አሁን የታሰረውን ጎማ ጎን ጽሑፍ በሙሉ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ያያችሁትን ማስታወቂያም ከነፎቶው በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናችሁ እንደ እኛዋ የተለወጠች ከሆነች ደግሞ የምድር ሚዛኑን ወረቀት አስቀድማችሁ ያዙ፤ ያለ እርሱ ብትሄዱ መጀመሪያ ወደ ሚዛኑ እንደምትመልሳችሁ እርግጠኛ ነኝ። ከቀትር በፊት ብትደርሱ ወረፋው ይቀላል። ከእርሷ ባትገዙም እንኳ ሁለቱን ረድፍ ጽፋ ትሰጣችኋለች።