በ3,000 ብር ከሦስት ልጆች ጋር ሆራ ዋልን

አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት ልጆቿን ይዛ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ካሪቢያን ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስትልክልኝ ከረመች። ስለ መርከቡ ታወራኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ የምታወራው ስለ ወደብ ቀን ነው። መርከቡ ጠዋት አንድ ወደብ ላይ ይቆማል። ሰው ይወርዳል። ሳይመሽ ደግሞ ተመልሶ መሳፈር አለበት። በመካከል ያለችው ጥቂት ሰዓት ናት። መርከቡ ራሱ የሚሸጠው ጉብኝት በነፍስ ወከፍ ስለሚከፈል ለቤተሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ልጆቿን ይዛ በራሷ ወጣች።

"ስሚኝ" አለችኝ። "ትንንሽ ልጅ ይዞ ሁለት ቦታ አይኬድም። አንድ ቦታ፣ ቅርብ ቦታ። ቁርስ እዚያው መርከብ ላይ አብልቼ ነው የምወርደው፣ የተከፈለበት ነዋ። የታክሲውን ዋጋ ሳልገባ እጨርሳለሁ። ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሜ እመለሳለሁ።" በመርከቡ ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ ይጠበቃል። በራሱ የወጣ ከዘገየ ግን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። የመርከቡ ሰዓትና የወደቡ ሰዓት የሚለያዩበት ቀንም አለ አለች። እዚህ ላይ ሳልወድ ሳቅኩ። እኛ "በፈረንጅ ነው በሐበሻ?" እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ያን መልእክት ሦስቴ ሰማሁት። እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባሕር የለንም። ልጆቼ ግን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከደጃችን ብዙም አይርቅም። ባለቤቴን "በ3,000 ብር አንድ ቀን ሐይቅ እንዋል፣ እንደ እህቴ የወደብ ቀን አድርገን" አልኩት። ሰባት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አንድ ዓመት ከአምስት ወር። ይዤ የወጣሁት እነዚህን ነው።

የኅዳር ቅዳሜ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ጠዋት ብርድ አለ፣ ቀኑ ግን ብራ ነው። ቁርስ ቤት በላን። ፍርፍር አጥግቤ ነው ያወጣኋቸው። ለመንገድ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ሙዝ ያዝኩ፣ ከድፎ ዳቦው ቆርጬ በምሳ ዕቃ አደረግኩ፣ ለትልቁ ቆሎ፣ ለሕፃኑ አጥሚት በፔርሙዝ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አደባባዩ ላይ ነበርን።

የቢሾፍቱ ሚኒባስ በሰው 100 ብር ነው ያስከፈለን። ሕፃኑን ታቀፍኩት። የአራት ዓመቷን ሚጣን ግን ጭኔ ላይ አላደረግኋትም፣ ወንበር ከፈልኩላት። ረዳቱ "እናት፣ እሷማ ጭን ላይ ትሆናለች" አለኝ፤ ሊያግዘኝ ነው። ሁለት ልጅ ታቅፎ መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ምን እንደሚሆን ሳስበው ግን 100 ብሩ አልቆረቆረኝም። ከዚህ ላይ ቁጠባ የለም። በገላንና በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ ሄድን። ዱከም ስንደርስ ባለቤቴ የሥጋ ቤቶቹን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም። አንድ ቦታ ብለናል።

ቢሾፍቱ እንደወረድን ባጃጅ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ሳትገቡ "ኮንትራት ነው በሰው?" ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃና ልጅ ስላለን ኮንትራት በ150 ብር ተስማማን። ለመመለሻም እዚያው ሰዓቱን ነግረነው፣ በዚያው ዋጋ እንዲመጣ ስልክ ተቀበልን። መጥቶም ወሰደን። በነገራችን ላይ ጋሪም አለ። ልጆቹ ፈረሱን አይተው ጮኹ። ግን ሕፃን ታቅፌ አልደፈርኩትም።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። የመዝናኛውን ስም አልጠራም፤ ከምወደውም ከማልወደውም ነገር ስላለው። ሆራ ሐይቅ ዳር ካሉት አንዱ ነው። መግቢያ ለአዋቂ 100፣ ለትልቁ ልጅ 50 ከፈልን፤ ሁለቱ ትንንሾቹ በነፃ ገቡ። የውጭ መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም። የልጆች ምግብ ግን በሩ ላይ አይተው አሳለፉልን። ቦርሳዬን የፈተሸችው ልጅ ፔርሙዙን ከፍታ አሸተተችና "አጥሚት ነው፣ ግቢ እናቴ" አለችኝ። ደስ የሚል አቀባበል ነው።

ጥላ በሽ ነው። ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ሣሩ ንጹሕ ነው፣ ወንበር በገንዘብ አይደለም። ሽንት ቤቱ በጠዋት ውሃ ነበረው፣ ከምሳ በኋላ ጠፋ። ሕፃን ያላችሁ ውሃ በሃይላንድ ያዙ።

ስለ ሐይቁ አንድ ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት ይሄ ነው። ሆራ እንደ ዝዋይ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ሐይቅ አይደለም። ሆራን ጨምሮ አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ውሃው የሞላው ያንን ነው። ስለዚህ ዙሪያው ገደል ነው፣ ከውሃው በታችም ገደሉ ይቀጥላል። የሆራ ጥልቁ ቦታ 38 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲባል መሬት የለም። እግራቸውን ውሃ ላይ ነከር ያድርጉ ብላችሁ ልጅ ለቃችሁ ወሬ የምትይዙበት ቦታ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ተራ ገባን። አንዳችን ስናወራ ወይ ስልክ ስናይ ሌላችን ዓይኑን ልጆቹ ላይ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው የዋልነው።

ጀልባው። የሄድንበት ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ከገንዘቡም ትልቁን የበላው እሱ ነው። ለቤተሰቡ ግማሽ ሰዓት 600 ብር። ጠዋት ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ትንሽ ልጅ ይፈራል።

ባለ ጀልባው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ላይፍ ጃኬት አመጡ። አምስቱም የአዋቂ ናቸው። የትልቁ ልጅ ትንሽ ሰፋው፣ ማሰሪያውን ስናጠብቀው ያዘ። ሚጣን አለበስኳት። ከፊት ሲያዩት ጥሩ ይመስላል፣ መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ተዘግቷል። ከዚያ ሁለት ትከሻውን ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። ጃኬቱ ብቻውን ወጣ። አገጯን አለፈ፣ ጆሮዋን አለፈ፣ ፊቷ ብርቱካናማው ስፖንጅ ውስጥ ጠፋ። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ የሚሆነው ይሄው ነው፤ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጅቷ ከሥሩ ትሾልካለች። እጄ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሼ፣ የልጅ የለዎትም?" አልኳቸው።

"የኔ ልጅ፣ ግድ የለም፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎን አምኜ ነው። ግን በዚህ አላሳፍራትም። ካልተገኘ ባለቤቴና ትልቁ ይሂዱ፣ እኔ ከሁለቱ ጋር ዳር እቀመጣለሁ።"

አላኮረፉም፣ "እንደፈለግሽ" ብለውም አልተዉኝም። ወደ ጎረቤት ጀልባ በኦሮምኛ ተጣሩ፣ ዝም ሲባሉ ራሳቸው ተነስተው ሄዱ። ቆይተው አንድ ትንሽ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ጃኬት ይዘው መጡ። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው። አለበስኳት፣ ትከሻውን ይዤ ሳብኩ፣ ልጅቷ አብራ ተነሳች። ያኔ ነው ልቤ የተመለሰው። ለሕፃኑ የሚሆን ግን አልተገኘም። ስለዚህ ሁለት ዙር አደረግነው፦ መጀመሪያ ባለቤቴ ከሁለቱ ጋር፣ እኔ ሕፃኑን ይዤ ዳር። ከዚያ እኔ ከሁለቱ ጋር፣ እሱ ዳር። ግማሽ ሰዓቱን ለሁለት ከፈሉልን፣ ጭማሪ አልጠየቁም።

ቦታው ይሄን ማስተካከል አለበት። በየቅዳሜው ልጅ የያዘ ቤተሰብ የሚያስተናግድ ድርጅት የልጅ ጃኬት ከጎረቤት መዋስ የለበትም። የልጅ ልክ ጃኬት ገዝቶ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሰውየው የሚመሰገኑ ናቸው፣ ድርጅቱ ግን አይደለም።

ውሃው ላይ ስንሆን ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ሞተሩን ቀነስ አደረጉት። ገደሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ የከተማው ድምፅ ጠፋ። ሚጣ መጀመሪያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ሁለት ዳክዬዎች ውሃው ላይ ሲንሸራተቱ ስታይ ለቀቀችኝ። ትልቁ "ባሕር ነው?" አለ። "ሐይቅ ነው" አልኩት። "ወዴት ይወጣል?" አለኝ። ለባለ ጀልባው ተውኩት። "የትም አይሄድም፣ እዚሁ ነው ያለው" አሉት። ከዚያ ሆራ ማለት በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው፣ ማዕድን ያለው ውሃ መሆኑን ነገሩት። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ኢሬቻ እዚህ እንደሚከበር፣ ያን ቀን ዳሩ በሰው እንደሚሞላ ነገሩት። ልጄ እስከ ዛሬ ለጎረቤት ልጆች ያንን ነው የሚያወራው። የ600 ብሩ ዋጋ ለኔ እዚህ ላይ ተመልሷል።

ምሳ 5 ሰዓት ተኩል ላይ በላን። ሰው ሳይበዛ ቶሎ ይደርሳል። ልጆቹ ከቤት ያመጣነውን ምግብ ስለበሉ ለአዋቂ ብቻ ነው ያዘዝነው፦ አንድ ጥብስ አሳ 450፣ አንድ ሽሮ 220፣ ትልቅ ውሃ 60። አሳው ሙሉውን ተጠብሶ መጣ፣ ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ሥጋው ነጭና ትኩስ ነው። ልጆቹ ሽታው ሲደርሳቸው እንቁላላቸውን ትተው መጡ። ባለቤቴ ከጀርባው በኩል ቁራሽ ቁራሽ እያነሳ፣ እያንዳንዱን በሁለት ጣቱ መካከል ጨምቆ እሾህ አለመኖሩን እያረጋገጠ ነው የሚያጎርሳቸው። ራሱ የበላው ጭንቅላቱንና ከአጥንቱ ላይ የተረፈውን ነው። ሽሮው ተራ ነው፣ ቤት የተሻለ ይሠራል።

ሒሳቡ ሲመጣ ግን 923 ብር ይላል። እኔ የደመርኩት 730 ነው። የአገልግሎት 10 በመቶ ተጨምሮበት፣ በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ ገብቶበታል። ቫት መክፈል ግዴታችን ነው፣ አልከራከርም። ምናሌው ላይ ግን "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" የሚል አንድ መስመር የለም። በተቆጠረ ገንዘብ ለወጣ ቤተሰብ 193 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። አስተናጋጇን ጠየቅኋት፣ "ሁሉም ይጠይቃል" አለችኝ። ሁሉም ከጠየቀ ለምን አይጻፍም?

መጫወቻው ዥዋዥዌና መንሸራተቻ ነው፣ ለአንድ ልጅ 50 ብር። ሁለቱ አንድ ሰዓት ገደማ ተጫወቱበት። የመንሸራተቻው ብረት ፀሐይ ሲያገኘው ይፈጃልና በእጃችሁ ነክታችሁ ልቀቋቸው። ሕፃኑ ጥላ ሥር ነጠላዬ ላይ ተኛ።

በ8 ሰዓት ባጃጁ መጣ። ትልቁ "አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ጀልባ" እያለ ለመነኝ። አንጀቴን በላኝ። ግን እህቴ እንዳለችው ቀድሞ መመለስ ነው። ዘግየት ብንል ኖሮ ከሰዓት በኋላ ያለው የከባድ መኪና ሰልፍ ውስጥ እንገባ ነበር፣ ያኔ ልጅ ያለቅሳል፣ እኛም እንበሳጫለን። ሚኒባሱ ውስጥ ዱከም ሳንደርስ ሦስቱም ተኙ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ነበርን።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ ሚኒባስ ደርሶ መልስ 800፣ ባጃጅ 300፣ መግቢያ 250፣ ጀልባ 600፣ ምሳ 923፣ መጫወቻ 100። 2,973 ብር። 27 ብር ተረፈኝ። ምሳውን ሙሉ በሙሉ ከቤት ብታመጡ ከ2,100 ብር በታች ትውላላችሁ፤ እኔ ግን አሳውን አልተውም ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የልጅ ላይፍ ጃኬት ስንት አላችሁ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ? የምግቡ ዋጋ ቫትና አገልግሎት ጨምሮ ነው ወይ? በስልክ የሚመልሱላችሁ ከሆነ ሂዱ። እኛ ለታኅሣሥ መጨረሻ ቀጠሮ ይዘናል። እማዬንም እንወስዳታለን። ውሃ ትፈራለች፣ ሕፃኑን ይዛ ዳር ትቀመጥልናለች፤ ያኔ እኔና ባለቤቴ ከሁለቱ ጋር አንድ ጀልባ ላይ አብረን እንወጣለን።