እማዬን ሲሲሊን ላሳየልን የካታኒያው ሹፌር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ወላጁን ይዞ የጣሊያኗን ደሴት ሲሲሊን ለማየት ያሰበ አበሻ ካለም ልጠቁመው እፈልጋለሁ። ሰውየው እዚያው ሲሲሊ፣ ካታኒያ ከተማ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው፤ ሥራው ሹፌርነት። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፈውም።

እማዬ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ጀርመን መጥታ ነበር። 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። «ባሕር ያለበት አገር ውሰጂኝ» ስትለኝ ሲሲሊ ትዝ አለችኝ። በሜዲትራንያን ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። ከካታኒያ ፓሌርሞ ድረስ በፈጣኑ መንገድ እንኳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያለ መኪና አይታሰብም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ተከራይተን ራሳችን ነድተናት ነበር። አሳራችንን ነው ያየነው። የጣሊያን ከተሞች መሃል ላይ «ዜታ ቲ ኤሌ» የሚባል ክልል አለ። ፈቃድ የሌለው መኪና አይገባበትም። ጠባቂው ካሜራ ስለሆነ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ የለም። ቤታችን ከገባን ከወራት በኋላ ቅጣቱ በፖስታ መጣ። አከራዩ ድርጅትም አድራሻችንን አሳልፎ ለሰጠበት የራሱን ክፍያ ቆረጠብን። እማዬን ይዤ ያንን መድገም አልፈለግሁም።

አንድ ጓደኛዬ የዚህን ሰው ቁጥር ሰጠችኝ። ሌሎች ሹፌሮች «ስንት ሰው? ስንት ቀን?» ብለው ነው የሚጀምሩት። እሱ ግን «እናትሽ ደረጃ ይወጣሉ? ጾመኛ ናቸው? ስንት ሰዓት ነው እህል የሚቀምሱት?» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ወሰንኩ።

ካታኒያ አየር ማረፊያ ስንደርስ ቆሞ እየጠበቀን ነው። የቫኑን በር ከፈተና ከወንበር ሥር አንዲት የእንጨት በርጩማ አወጣ። እግር እንዳያንሸራትት ላይዋ ላይ የምንጣፍ ቁራጭ መትቶባታል። መሬት ላይ አመቻችቶ አስቀመጣትና «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ይቺን ይርገጧት» አለ። አምስት ቀን ሙሉ፣ በቆምንበት ቦታ ሁሉ፣ መጀመሪያ የምትወርደው በርጩማዋ ነበረች። አንድም ቀን አልረሳትም።

በማግስቱ ኤትና ወጣን። እሳተ ገሞራው ዛሬም የሚሠራ ነው፤ ቁመቱ ከ3,300 ሜትር በላይ። የመኪናው መንገድ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሪፉጆ ሳፒየንሳ ድረስ ያደርሳል። እኔ ከፍታው እንዳይከብዳት ሰግቼ ነበር። «እህቴ፣ እማማ እኮ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው!» ብሎ ሹፌራችን ሳቀ። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ቦታ ከ400 ሜትር በላይ ትበልጣለች። እዚያው መኪና ማቆሚያው አጠገብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 የፈነዳው፣ ሲልቬስትሪ የሚባለው የእሳተ ገሞራ አፍ አለ። ዳገት ሳይወጡ ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል። በረዶ ነበር። እማዬ በረዶ በእጇ ስትነካ የመጀመሪያዋ ነው። ጫር ጫር ስታደርገው ከሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወጣ። መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችውና «የተቆላ ኑግ!» አለች።

ከዚያ ስንወርድ የካታኒያ ሕንፃዎች ለምን እንደጠቆሩ ገባን። ከተማዋ የተሠራችው ከዚያው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው። አደባባዩ ላይ ያለው የዝሆን ሐውልት ሳይቀር። በ1669 የእሳተ ገሞራው ፍሳሽ ከተማዋ ድረስ መጣ፤ በ1693 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት። አሁን ያለችው ከዚያ በኋላ የተሠራችው ናት።

ስለ ሲራኩዛ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የድሮው ከተማ ኦርቲጃ ይባላል፤ በድልድይ የሚገባባት ትንሽ ደሴት ናት። ካቴድራሏ መጀመሪያ አቴና የምትባለው የግሪኮች ሴት አምላክ ቤተ ጣዖት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የቆሙት ዓምዶች ዛሬም ግድግዳው ውስጥ ይታያሉ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ አገር ጫማ የሚያወልቅ የለም፤ ሰው ዞር ዞር እያለ ማየት ጀመረ። እኔ ምን እንደምል ሳስብ ሹፌራችን ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ ፈታ። ከዚያ የእሷንም የእሱንም ጫማ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ክንዷን ደግፎ ገባ። ይህን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልረሳውም።

ትንሽ ወረድ ብሎ ፎንቴ አሬቱዛ የሚባል ምንጭ አለ። ባሕሩ አፍንጫ ላይ የፈለቀ ጨው የሌለው ውሃ ነው። መሃሉ ላይ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ጫፋቸው እንደ ጠጉር የተበተነ ተክሎች በቅለዋል። ሹፌራችን «ይሄ ፓፒሮ ይባላል፤ ጥንት ወረቀት ይሠራበት የነበረው ነው» ብሎ ማስረዳት ጀመረ። እማዬ ያደገችው ባሕር ዳር ነው። «ምን ፓፒሮ ትላለህ ልጄ! ደንገል ነው እንጂ! ታንኳ የምንሠራበት!» አለች። ከዚያ ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ አባቷ እንዴት እንደሚቀዝፉ በእጇ እያሳየች ትነግረው ገባች። ኖቶ ወደምትባለው ከተማ የምንሄድበት ሰዓት አልፏል። እሱ ሰዓቱን አላየም። ሁለቱም አጥሩን ተደግፈው ቆይተዋል። ሲጨርሱ «እማማ፣ ከእንግዲህ ለአበሻ እንግዳ ሁሉ ደንገል ብዬ ነው የምናገረው» አላት።

ስለ ምግብ ላንሳ፤ ጾመኛ ይዞ ለሚሄድ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው። እማዬ እህል የምትቀምሰው በእኛ 9 ሰዓት፣ በፈረንጁ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ነው። የጣሊያን ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ልክ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤታቸውን ዘግተው እስከ ማታ አይከፍቱም። እሱ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባለቤቱ የጋገረችውን እንጀራና ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዞልን መጣ። እጇ ይባረክ። ሞዲካ የምትባል ከተማ ላይ ወተት የሌለው፣ ስኳሩ ጥርስ ላይ ቅርጭጭ የሚል ቸኮሌት ገዛልን። ፓሌርሞ ስንደርስ ደግሞ ፓኔሌ ወደሚጠበስበት ቦታ ወሰደን። ፓኔሌ የሽምብራ ዱቄት ነው። በውሃ ተገንፍቶ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ በዘይት ይጠበስና ዳቦ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሌላ ነገር እንዳልተጠበሰበት ሻጩን ጠይቆ አረጋገጠላት። እማዬ ገና ከሩቅ «ሽሮ ሸተተኝ» ብላ ነበር። ሁለት በላች።

አግሪጄንቶ ያለው የቤተ መቅደሶች ሸለቆ ብዙ ያስኬዳል። ሁለት መግቢያ አለው። ከላይ በጁኖኔ ቤተ መቅደስ በኩል ብትገቡ ቁልቁል ነው፤ ከታች ብትገቡ ዳገት። እሱ ከላይ አውርዶን ከታች ጠበቀን። እማዬ እያረፈች ኮንኮርዲያ የሚባለውን ቤተ መቅደስ አየች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው ሳይፈርስ የቆየው።

የመጨረሻው ቀን ሞንሬያሌ ነበር፤ ከፓሌርሞ በላይ ኮረብታ ላይ ያለው ካቴድራል። ግድግዳው ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ወንጌል በወርቃማ ሞዛይክ ተሥሏል። እማዬ ጣሊያንኛ አታውቅም። ግን አዳምን፣ ኖኅን ከነመርከቡ፣ ያዕቆብን ከነመሰላሉ ራሷ እየለየች ተረከችልን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን።

ዋጋው ከሁሉም የረከሰ አይደለም፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ርካሽ ያሉኝ ሌሎች ነበሩ። ግን የተስማማነውን ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ልኮልኝ ነበር፤ ነዳጁ በእሱ፣ የመኪና ማቆሚያው በእኛ። ከዚያ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ሰው በመኪናው የማመላለስ ሕጋዊ ፈቃድም አለው። ማንንም ብትይዙ ይህን መጠየቅ አትርሱ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ አገሯ ገብታለች፤ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ የምታወራው ስለ አንተ ነው።

ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለፋሲካ ሰሞን ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፤ ቶሎ ይያዛል። «የደንገሏ እናት ልጅ ናት የላከችን» በሉት፤ ያውቃታል።