የኋላ ጎማዎቹን ውሃ ሞላኋቸው፤ ከወራት በኋላ የታዘብኩት

የትራክተሬን የኋላ ጎማዎች ውሃ ከሞላኋቸው ግማሽ ዓመት አለፈ። በዚህ ጊዜ ደረቅ መሬት አርሷል፣ ጭቃ ገብቷል፣ ተጎታች ይዞ አስፋልት ላይ ውሏል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለእርሻ ግሩም ነው፣ ለመንገድ ግን አይመችም።

ያስመረረኝ መሾሩ ነበር። ማረሻው ጠለቅ ሲል ሞተሩ ጉልበት እያለው ጎማው ባለበት ይሾራል። ናፍጣው ያልቃል፣ የጎማው ጥርስ ይበላል፣ ሥራው ግን ፈቀቅ አይልም። ውሃ የሞላሁትም ክብደት ጨምሮ ጎማው መሬት እንዲይዝ ነው።

ውሃ ከመሙላቴ በፊት መሾሩን ለካሁት። ለዚህ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ኖራ ይበቃል። ጎማው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ማረሻውን እንደ ሥራ ቀን አውርዳችሁ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ትነዳላችሁ፤ መነሻውና መድረሻው ላይ ችካል ትተክላላችሁ። ከዚያ ማረሻውን አንስታችሁ ያንኑ ርቀት በዚያው ማርሽ መንዳት ነው። አሁን 9 ጊዜ ከዞረ መሾሩ 10 በመቶ ነው፤ 8 ከሆነ 20 በመቶ። በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው ጥሩ የሚባለው ነው። የኔ 8 ላይ ቆመ። ከሞላሁ በኋላ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ማረሻ 8 ተኩልን አልፎ ወደ 9 ተጠጋ። ልዩነቱ ወንበሩ ላይም ይታወቃል፤ ድሮ ማርሽ የምቀንስበት ቦታ ላይ አሁን ዝም ብሎ ያልፋል።

መሾርን ጨርሶ ላጥፋ ማለት ግን አያዋጣም። ክብደት ሲበዛ ጫናው ጊርቦክስና አክስል ላይ ያርፋል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል። ዱካውን እዩት። የጥርሱ ቅርጽ እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ ከታተመ ክብደቱ በዝቷል። ቅርጹ ጭራሽ ከጠፋ አንሷል። መሃሉ ትንሽ ፈርሶ ጠርዙ ላይ ጥርሱ ከታየ ልክ ነው።

አሞላሉ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አክስሉን በክሪክ አነሳሁ፣ ጎማውን አዙሬ ቫልቩን ላይ አመጣሁ፣ የቫልቩን ልብ ፈታሁ። ውሃ እያስገባ አየር የሚያስወጣ አፍ ተገጠመለት። ከፍ ካለ በርሜል ውሃው ሲወርድ አየሩ በጎን ፉጨት ያሰማል። ፉጨቱ ቆሞ ውሃ መትፋት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ጎማው 75 በመቶ ገደማ ሞልቷል፤ የቀረው ለአየር ነው። ሙሉ በሙሉ መሙላት አይገባም፤ አየር ከሌለ ጎማው ድንጋይ ሲመታ የሚሰጥበት ቦታ ያጣል። 14.9-28 በሚባለው የጎማ መጠን ይህ 230 ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአራት ኩንታል ተኩል በላይ ክብደት፣ ያውም መሬት አጠገብ! ተዳፋት ላይ ትራክተሩ የረጋ መሰለኝ፤ ያልጠበቅኩት ጥቅም ይህ ነው።

እኔ ያለሁበት ውርጭ ስለሌለ ንጹህ ውሃ በቃኝ። ውሃ በሚረጋበት ብርድ ግን ሌላ ነገር መቀላቀል ግድ ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው የተቀላቀለበት ውሃ እንደ ንጹህ ውሃ ቶሎ አይረጋም፣ ከውሃም ይከብዳል፤ ግን ብረት ይበላል። ያለ ካለመዳሪ (የውስጥ ጎማ) አታስቡት፣ ካለመዳሪው ከተቀደደም ቸርኬው አለቀለት። ራዲያተር ውስጥ ውሃ እንዳይረጋ የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል ደግሞ መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ከፈሰሰ ውሻና ከብት ይልሱታል። እኔ ብሆን አልነካውም። ከስኳር ቀይ ሥር ተረፈ ምርት የሚሠራው ፈሳሽ ብረት አይበላም፣ ክብደቱም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነት ስጨምር ትራክተሩ ይዘላል። ለማቆምም ከድሮው ቀደም ብዬ ፍሬን እይዛለሁ። የብረት ክብደት ቢሆን ሥራው ሲያልቅ ፈትቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ውሃውን ግን ለአንድ ቀን ጉዞ ማን ያፈሰዋል? ሌላም አለ፦ የኋላ ውሃ የፊት ጎማውን አያወርደውም። ከባድ ማረሻ ሲነሳ ፊቱ ቀለል ካለ መድኃኒቱ ፊት ላይ የሚሰቀል ብረት ነው።

አየር ሲለካ ቫልቩ ወደ ላይ ዞሮ መሆን አለበት። ታች ሆኖ ከተለካ የውሃው ክብደት ይጨመርና ንባቡ ይሳሳታል፤ ውሃ የገባበት መለኪያም ቶሎ ይዝጋል።

ከሁሉ የባሰው እሾህ ነው። አንዴ ተበስቶብኝ ጎሚስታው ጎማውን ከመፍታቱ በፊት ውሃውን ማፍሰስ ነበረበት፤ ቀላሉ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። እንዲያም ሆኖ ለዚህ ጎማ ውሃውን አላወጣም። የሚቀጥለው ጎማ ራዲያል (ጎኑ የሚለጠጥ ዓይነት) ከሆነ ግን 40 በመቶ ላይ አቆምና የጎደለውን በብረት እሞላለሁ፤ ራዲያል ጎኑ ተለጥጦ መሬት ካልያዘ ተጨማሪ የተከፈለበት ጥቅም ይቀራል።