ደብረ ማርቆስ ላላችሁ፦ መንፈሳዊ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን መሪጌታ አግኟቸው

ሰሞኑን “መንፈሳዊ መጽሐፍ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?” የምትሉኝ በዝታችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የምጠቁማችሁ ግን መጽሐፍ አይደለም፤ ሰው ነው።

ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ካሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች በአንዷ መጽሐፍ የሚሸጡ መሪጌታ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ላመሰግንዎት ነው ስላቸው “ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይሁን፤ የእኔን ስም ተይው” አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። በአንድ ወገን ጧፍ፣ ዕጣን፣ መስቀልና ነጠላ፤ በሌላው ወገን እስከ ጣሪያ መጽሐፍ። “የሚያስነብቡት መሪጌታ” ብላችሁ ጠይቁ፤ የአካባቢው ሰው ያሳያችኋል።

እኚህ ሰው “ምን ልስጥሽ?” አይሉም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ምን ትሠሪያለሽ? ልጆች አሉሽ? ግእዝ ትሞክሪያለሽ? ማታ ደክሞሽ ነው የምትገቢው ወይስ ጊዜ አለሽ? ነገሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ኋላ ግን ይገባችኋል። መጽሐፉን በሰውየው ልክ ነው የሚሰጡት።

እኔ የሄድኩት ዳዊት ልገዛ ነበር። ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን አወጡና ከመሳቢያቸው መርፌና ክር አነሱ። ከዚያ በየዕለቱ መጀመሪያ ገጽ ጠርዝ ላይ ቀለሙ የተለያየ ክር ሰፉበት። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚፈለገው ገጽ ቶሎ እንዲገኝ እንዲህ ይደረጋል። እየሰፉ አስረዱኝ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። “አንቺ ሥራ ያለሽ ሰው ነሽ” አሉኝ፤ “በቀን አንድ መዝሙር ይበቃሻል። ብቻ አታቋርጪ።” ይኸው እስከ ዛሬ ሰኞ ሲሆን ቀዩን ክር ይዤ እከፍታለሁ።

ሌላ ቀን አንድ ወጣት ማር ይስሐቅን ሊገዛ መጣ። ስብከት ላይ ሰምቶ ነው። ገንዘቡንም ይዟል። መሪጌታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረዱት፤ ግን አልሰጡትም። ማር ይስሐቅ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጽሐፈ መነኮሳት የሚባለው ነው። ለበዓት ሰው፣ በዋሻ ተዘግቶ ለሚጋደል መነኩሴ፣ የተጻፈ ነው። “አልከለክልህም” አሉት፤ “መምህር አለህ?” የለኝም አለ። “እንግዲያው ወንጌሉን ከነትርጓሜው ውሰድ። ማቴዎስን ጨርሰህ ና፤ ይኼ የትም አይሄድም።” ወንጌሉ ደግሞ በዋጋ ያንሳል። ገበያቸውን ራሳቸው ቀነሱ ማለት ነው። ልጁ ትንሽ ቅር ብሎት ወጣ። እኔ ግን እኚህን ሰው ያመንኳቸው ያን ቀን ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎጃም የመጽሐፍ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ እያልን በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን እንኮራለን፤ ኩራታችንም ልክ ነው። ደራሲዎቹ ሀዲስ ዓለማየሁም ዮፍታሔ ንጉሤም ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ግን እኛ ቢሮ የምንውለው፣ ሱቅ የምንጠብቀው፣ ልጅ የምናሳድገው ማንበቡን ለካህናትና ለቆሎ ተማሪ ትተነዋል። “እኔ ምኑን አውቄ” እንላለን። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንጾኪያ ላይ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ሲያስተምር ይህንኑ ሰበብ አንሥቶ መልሶለታል። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ገበያ የሚውል ሰው ከመነኩሴ ይልቅ መጻሕፍትን ማንበብ ያስፈልገዋል ይላል። ምክንያቱም መነኩሴው ከጦርነቱ ርቋል፤ ይኼኛው ግን መሐሉ ቆሞ በየቀኑ ይቆስላል። ይህን የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ከዚያ ወዲህ “ጊዜ የለኝም” ማለት ከበደኝ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። ሌላ ጊዜ መጽሐፍ ልገዛ ስሄድ “ከፊተኛው ምን ያዝሽ?” አሉኝ። ሁሉንም እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ያኔ የማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜን ይዤ ነበር። ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው አላሳልፍ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ከእህቴ ጋር በውርስ ነገር ተኳርፈን ነበርና። ስብከት አላበዙብኝም። “እንግዲህ የሚቀጥለውን ከእህትሽ ጋር መጥታችሁ ትወስዳላችሁ” አሉኝ። በቃ። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ብቻዬን ብሄድ አይሸጡልኝም። ለእህቴ ደወልኩላት። እሷም ደስ አላት፤ መጣች። ሱቋ ውስጥ ባለችው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ከሃይማኖተ አበው፣ የአባቶች የሃይማኖት ትምህርት ከተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ አንዲት ገጽ አነበቡልን። የውርሱ ነገር በሽማግሌ አለቀ። ዛሬ እሑድ እሑድ በስልክ እያነበብን እንወያያለን። ለዚህ ውለታ ምን እንደምከፍል አላውቅም።

ጎረቤቴ ልጇን ባጣች ጊዜም ለሷ የሚሆን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ወፍራም መጽሐፍ አልሰጡኝም። “ሐዘንተኛ ብዙ አያነብም” አሉና መዝሙር 41ን ብቻ፣ ዳዊት ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ እያለ የሚጠይቃትን፣ በእጃቸው በትልልቁ ገልብጠው ሰጡኝ። ሳንቲም አልተቀበሉም። ዓይናቸው ለደከመ አባቶቻችንም ትልቅ ፊደል ያለው ዳዊትና ውዳሴ ማርያም አያጡም።

እንዳትንገላቱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት ሂዱ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሰዓት ብትሄዱ ዝግ ነው። ስልክ እምብዛም አያነሡም። ምርጫው እንደ አዲስ አበባ ሱቆች አይደለም፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አዲስ መጽሐፍ አይገባም። ያኔ የራሳቸውን መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ስማችሁን በደብተር ጽፈው ነው። በጊዜው መልሱላቸው፤ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ዋጋ ላይ መከራከር አይወዱም፤ የሚሉት ዋጋ ግን ተመጣጣኝ ነው። እጅ ካጠራችሁ ንገሯቸው፣ “ደመወዝ ሲወጣ” ይሏችኋል። ቸኩላችሁ ከሆነ ሌላ ቀን ሂዱ፤ መሪጌታ ሰውን ሳያናግሩ አይሸጡም።

የተገነጠለ መጽሐፍም ይጠግናሉ። የአያቴ ስንክሳር፣ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ የሚነበብበት መጽሐፍ፣ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ነበር፤ ሰፍተው፣ ቆዳ አልብሰው መለሱልኝ። ቤታችሁ የማታነቡት ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም ካለ ውሰዱላቸው። ጠግነው ለአብነት ተማሪዎች በነጻ ይሰጣሉ። በተለይ ዳዊት በጣም ይፈለጋል።

መሪጌታ፣ ይህን አንዱ ልጅ ያነብልዎት ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቃለ ሕይወት ያሰማልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እህቴም እጅ ትነሳለች፤ ለፍልሰታ አብረን እንመጣለን።