የጎርጎራ «ሙሉ ጥቅል»፦ ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡት

ጎንደር ፒያሳ ላይ «ጎርጎራ፣ ጣናና የደን መድኃኒት ዕፅዋት፣ ለቤተሰብ በአንድ ቀን» እያሉ የሚመዘግቡትን ታውቋቸዋላችሁ። የጀልባ ፎቶ ያሳያሉ፣ «ሁለት ቦታ ነው የቀረው» ይላሉ፣ ብሩን በግለሰብ ስም በቴሌብር ያስልካሉ፣ ደረሰኙ «ስትመለሱ» ነው። እሁድ ቤተሰቡን ይዘን በእነሱ ሄደን የተሠራብንን ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልንገራችሁ።

ለአዋቂ 2,500፣ ለልጅ 1,500 ብር። በዚህ ውስጥ ሚኒባስ ደርሶ መልስ፣ የዓሣ ምሳ፣ ጀልባ እስከ መንደባ ገዳም፣ ከዚያም «ዕፅዋት አዋቂ አስጎብኚ» አለ ተባለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል የተባለው መኪና 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳ። በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ነው፤ በጊዜ የወጣ ሰው ጠዋቱን ሐይቁ ላይ ያሳልፋል። ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ዘግይቶ መነሳቱ የሚጠቅመው ለእነሱ ነው፦ ወደቡ ላይ ስንደርስ «ነፋስ ነው፣ ጀልባ አይወጣም» ተባልን። የጀልባው ብር ይመለስ ስንል «ጥቅል ነው፣ አይነጣጠልም»። ምሳውም አልጫ ሽሮ ሆነ፤ እሱን እንኳ እንለፈው።

ዋናው ጉድ ደን ውስጥ ነው። አስጎብኚ የተባለው ልጅ አጋምን ዶቅማ ብሎ ለልጆቹ አሳየ። አጋም እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፣ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ዶቅማ እሾህ የሌለው ትልቅ ዛፍ ነው። ይህን የማይለይ ሰው ሕፃን ፊት ፍሬ እየቀጠፈ «ብሉ» ማለቱ ብቻውን ያስፈራል። እንዶድም እኮ ፍሬ ነው፤ ልብስ ያጥባል፣ ሲበላ ግን መርዝ ነው።

ከዚያ ጥላ ስር አስቀመጠንና ከቦርሳው የተቋጠሩ ትናንሽ ፌስታሎች አወጣ። ውስጡ ቡናማ ዱቄት። «ይህ የጎርጎራ ኮሶ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ደን አውርጄ የፈጨሁት፤ አንዱ 800 ብር» አለ። አብረውን የሄዱት እትዬ የዳባት ሰው ናቸው፣ ኮሶ ከደጃቸው ሲረግፍ ያደጉ። «የኔ ልጅ፣ ዛፉን አሳየና» አሉት። «ሩቅ ነው እማማ፣ አይችሉትም»። አንዱን ቋጠሮ ፈተው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፤ «ይህ ኮሶ አይደለም» ሲሉ ከእጃቸው መንጭቆ ወሰደና «ይህ ለሚያውቅ ሰው ነው!» አላቸው። በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው! ቀጥሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ኮሶ ያልገዛ ለአስጎብኚ 300 300 ብር ይክፈል፤ ፒያሳ የከፈላችሁት የመኪናውን ነው» አለ። ሾፌሩ ቁልፉን እያሽከረከረ ዝም። ልጆች ይዘን፣ ቀኑ እየመሸ፣ ከፈልን።

የዱቄቱን ነገር በደንብ ያዙልኝ፣ በዚህ ብዙ ሰው እየተበላ ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ጎርጎራ ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮሶ የሚገኘው ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን በኩል ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ሲሆን ደርቆ ነው የሚወቀጠው፤ ጠዋት የተቆረጠ አበባ ረፋድ ላይ ዱቄት አይሆንም። ገበያም የምትገዙ ከሆነ አበባው ከነዘለላው ሲታይ እንጂ ተፈጭቶ አትግዙ፣ ከምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። እውነተኛው ኮሶ ራሱ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ጨርሶ አይሰጥም። የኮሶ ትል የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ በልክ የሚሰጥ ኪኒን አለ።

ማግስቱን ፒያሳ ቢሮአቸው ስንሄድ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ብሩ በማን ስም ነው የተላከው? እኛ ጋ አልገባም» አለችን። በግለሰብ ስም የሚያስልኩት ለዚች ቀን ነው።

ጎርጎራ መሄድ የፈለገ ሚኒባስ ብቻውን ይከራይ፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳ፣ ጀልባውን እዚያው ወደቡ ላይ ይነጋገር። ሴቶች ካላችሁ የምትሄዱበት ገዳም ሴት ያስገባ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከጣና ገዳማት እንደ ክብራንና ዳጋ ያሉት አያስገቡም። ለዕፅዋቱ የአካባቢውን ገበሬ አዛውንት ያዙ። ቀድሞ የከፈለ ሰው ደግሞ የቴሌብሩን መልእክት አያጥፋ፤ ለፖሊስ ሲያመለክት የተቀባዩ ስም ያለው እሱ ላይ ነው።