ሚክሰሩ ኋላ ለሚቆመው ልጅ ምስጋና (መጪዎቹ የላይቭ ምሽቶችም አሉበት)

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች፣ ይቺን የምጽፋት ሁሌ ተረስቶ ለሚቀር ሰው ነው። ሾው ሲያልቅ ለዘፋኙ ይጨበጨባል፣ ጊታሪስቱን ሰልፊ ይጠይቁታል፣ ድራመሩም ቢሆን "አቦ ይመችህ" የሚለው አያጣም፣ ጥግ ላይ ሚክሰሩ (የየመሳሪያውና የየማይኩ ድምጽ የሚመጠንበት ሰሌዳ) ኋላ የቆመው ልጅ ግን የሚታወሰው ማይኩ ሲያፏጭ ብቻ ነው፣ ያኔ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያፈጥበታል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከባንድ ጋር ስለምዘፍን ሳውንድ ማን አንድን ምሽት እንዴት እንደሚያድንም እንዴት እንደሚገድልም በደንብ አውቃለሁ፣ እና ለዛች ለትንሿ ላውንጃችን ሳውንድ ማን በአደባባይ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ፈለግኩ። ስሙን እንዳልጽፍ ራሱ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ፣ የምትመጡ ግን ታውቁታላችሁ፣ ያ ዝምተኛው፣ ወገቡ ላይ የናስትሮ ጥቅልል የማይጠፋው።

ሰው ቤቱ ትንሽ ሲሆን ስራው የሚቀል ይመስለዋል፣ እንዲያውም ይብሳል! ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ድራሙን ከሚክሰሩ ላይ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ድራም ያለ ምንም ማይክ ቤቱን ይሞላዋል፣ የምትቀንስበት ቁልፍ የለህም። ከዛ ሁሉም ከድራሙ በላይ ለመሰማት እሽቅድምድም ይጀምራል፣ ጊታሪስቱ አምፑን (የጊታሩን ድምጽ ማጉያ ሳጥን) ይጨምራል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ዘፋኟ ደግሞ ራሴን አልሰማም ሞኒተር (ወደኛ ወደ መድረኩ የዞረው ስፒከር) ጨምርልኝ ትላለች፣ ሞኒተሩ ሲጨመር ድምጹ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ማይኩ መልሶ ለሞኒተሩ ይሰጠዋል፣ እንዲህ ሲዞር ሲዞር ያቺ ጆሮ የምትበሳ ፉጨት ትመጣለች። ስም አልጠራም እንጂ እንዲህ ሆኖ ያደረባቸው ቤቶች ዘፍኜ ግጥሙን ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ጓደኛዬ እንኳን ሳይሰማው ወጥቻለሁ።

የኛ ሰውዬ መጀመሪያ የሚያደርገው መቀነስ ነው። አንዴ ሞኒተር ጨምርልኝ ብዬ ስነዘንዘው "እህቴ፣ ላንቺ ከምጨምርልሽ ሌላውን ብቀንስልሽ ይሻላል፣ ቆይ ብቻ" አለኝና ሄዶ ከድራመሩ ጋር አወራ፣ ቀለል ያለ ስቲክ አስያዘው፣ የጊታሩን አምፕ ደግሞ ከመሬት አንስቶ ወንበር ላይ ሰቀለና ፊቱን ወደ ጊታሪስቱ ጆሮ ቀና አደረገው። ነገሩ ሲገባችሁ ያስቃል፣ አምፑ እግሩ ስር ሲሆን ጊታሪስቱ ጉልበቱን ነው የሚያሰማው፣ ለራሱ ስለማይሰማው ይጨምራል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ምስኪን ደግሞ ያልቃል። አምፑ ከተስተካከለ በኋላ ጊታሪስቱ ራሱ ያለ ማንም ልመና ቀነሰ። የኔም ድምጽ አንድም ነገር ሳይጨመርበት ወጣ።

ሳውንድ ቼክ (ከሾው በፊት ድምጽ ሲሞከር) ላይ ብታዩት ደግሞ ቁጭ አይልም፣ ታብሌቱን ይዞ ከወንበር ወንበር እየዞረ ያዳምጣል፣ ባሩ ጋ፣ በሩ ጋ፣ ሽንት ቤት መግቢያው ጋ ሁሉ። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው ጥግ አስወጥቷቸዋል፣ ጥግ ላይ ሲሆኑ ቤዙ ያለ መጠን ያብጣል፣ ያ እብጠት ነው የዘፈን ቃላት የሚውጠው። ሌላው የወደድኩለት ነገር ቤቱ ባዶ ሆኖ ያስተካከለውን አምኖ አለመቀመጡ ነው፣ ሰው ሲገባ ሰውነትና ልብስ በተለይ ቀጫጭኑን ድምጽ ይመጠዋል፣ አስር ሰዓት ላይ ሲጮህ የነበረው ሲምባል ማታ ሌላ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን እየተዘፈነ እሱ ስራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። እና በዛች ሰዓት ሄዳችሁ እንዳታወሩት፣ አይመልስላችሁም፣ ኩራት እንዳይመስላችሁ።

ወጣቶቹ ራፐሮች ጋ ያለው ትዕግስት ደግሞ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ልጆቹ ማይኩን ጭንቅላቱን ጨብጠው መያዝ ይወዳሉ፣ ሙዱ ነው መሰለኝ። ያ ማይክ ደግሞ፣ በየመድረኩ የምታዩት የሹር ኤስኤም58 (ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው)፣ የተሰራው ከፊቱ ያለውን እንዲሰማና ከኋላው የሚመጣውን እንዲተው ነው፣ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ከወንፊቱ ስር በኋላ በኩል አየር በሚያስገቡ ክፍተቶች ነው፣ እነሱን በእጅ ከደፈንክ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ኋላው ያለውን ሞኒተር ጨምሮ፣ ከዛ ማፏጨት። ሌላ ቦታ ቢሆን ከጥግ ሆኖ "እጅህን አንሳ!" ብሎ ልጁን ሰው ፊት ያሸማቅቁታል፣ እሱ ግን ከሾው በፊት አስይዞ አሳይቶ በራሱ ጆሮ ልዩነቱን ያሰማዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ማሲንቆ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ማሲንቆ ከሞቀ ባንድ ጋር መከራ ነው፣ ሆዱ የተወጠረ ቆዳ ስለሆነ ራሱ እንደ ማይክ ነው፣ ከስፒከር የሚመጣውን ሁሉ እየተቀበለ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ልጁን ከሞኒተሩ ፊት አንስቶ ወደ ጎን አቆመው፣ ትንሽ ማይክ ጠጋ አድርጎ አሰረለት፣ ከዛ ሆን ብሎ እያስጮኸ የምታፏጨውን አንዷን ፍሪኩዌንሲ ፈልጎ እሷን ብቻ ቆረጣት። የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ተሰማ! ልጁ ራሱ "እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማው?" አለ።

ስለ ጆሯችሁም ላንሳ፣ ብዙ ቤት ከወጣችሁ በኋላ ጆሮ የሚጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካው የስራ ጤና ተቋም ኒዮሽ እንደሚመክረው 85 ዴሲቤል (የድምጽ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ ከዛ በላይ ግን በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መስፈርት የ15 ደቂቃ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል። የኛ ሰው ሚክሰሩ አጠገብ የድምጽ መለኪያ አስቀምጦ ዓይኑን አይነቅልም፣ "ጨምር!" የሚል ሞቅ ያለው ሰው ሲመጣ ፈገግ ብሎ አንዱን ቁልፍ ይነካካለታል፣ ቁልፏ ምንም እንደማትሰራ እኔና እሱ ነን የምናውቀው፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ በቃ።

እንከን የለውም አልልም። አርፍዶ የሚመጣ ባንድ ላይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ለዳንስ ብቻ የሚመጣ ሰውም ድምጹ አነሰብኝ ሊል ይችላል፣ መብራቱን ደግሞ እሱ እንዲሰራው አትጠይቁት፣ አንዴ ሞክሮ ሁላችንንም አረንጓዴ አድርጎን አመሸ 😂

እና ወደ ፕሮግራሙ ስመጣ፣ በዚህ ሳምንት ሐሙስ ማታ አኩስቲክ ነው፣ ሁለት ጊታርና አንድ ድምጽ፣ ድራም የለም፣ ግጥም መስማት የምትወዱ ይሄ የናንተ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ባንድ ከነሳክስፎኑና ትራምፔቱ፣ ቤቷ ስለምትሞላ በጊዜ ኑ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ኦፕን ማይክ፣ መድረክ ላይ ወጥታችሁ የማታውቁ ሁሉ ብትመጡ ደስ ይለኛል፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ ሰው ሚክሰር ላይ አታገኙም፣ መዝገቡ ላይ ስማችሁን ለመጻፍ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ወንበር ስትመርጡ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ትንሽ ወደኋላ ያዙ፣ እሱ ሚክስ የሚያደርገው እዛ ቆሞ ነው፣ ስፒከሩ ስር ተቀምጣችሁ ጮኸብኝ እንዳትሉ።

ሰርግም ልደትም የመጽሐፍ ምረቃም ያላችሁ፣ ከላውንጇ ውጪ በትርፍ ቀኑ ይሰራል፣ ግን ቦታውን አስቀድሞ ሳያይ እሺ አይልም፣ ስንት ማይክ፣ ስንት መሳሪያ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ አዘጋጅታችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን የፈለገ ኢንቦክስ ያርገኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።