የሪፍ ጫማዬ ከ7 ወር በኋላ

ይህን ጫማ የገዛሁት በንዴት ነው። ከአንድ ሞቃታማ ደሴት ፊት ለፊት ያለ ሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የሠሩት፣ ውሃ ስር ያለ አለት) ላይ ሰርፍ ማድረግ (በቦርድ ማዕበል መጋለብ) በጀመርኩ በሳምንቴ ኮራል ተረከዜን ቆረጠኝ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ግን አመረቀዘና 12 ቀን ከውሃ አስቀረኝ። ኮራል ሲቆርጥ ስብርባሪው ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። በንጹሕ ውሃና በሳሙና ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል። እኔ ውሃ አፍስሼበት አጠብኩ ብዬ ነበር።

ጫማው 2 ሚሊ ሜትር ኒዮፕሪን (ለስላሳ፣ ጎማ መሰል ጨርቅ) ነው። ሶሉ ጎማ ነው፤ አውራ ጣት ለብቻው ይገባል። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ጠላሁት። በባዶ እግር ሲቆም ቦርዱ ምን እያደረገ እንደሆነ ይታወቃል፤ ጫማው ያንን ደፈነብኝ። ጎማው እግር እንዳያንሸራትት ቦርዱ ላይ የሚቀባው ሰም ላይ ይጣበቃል። ድሮ ሸርተት እያልኩ የማስተካክለው አቋም አሁን አንዴ ካረፈ አረፈ ነው። እዚህ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ጥልቁ ባሕር ድንገት ሪፉ ጋ ሲደርስ ስለሚሳሳ፣ ማዕበሉ ቀስ ብሎ አያድግም፤ ግድግዳ ሆኖ ይቆምና ይደፋል። ሦስት ሳምንት ያህል ስወድቅ ከረምኩ።

ግን ጫማው ለመጋለብ ሳይሆን ለመራመድ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሪፉ ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው የሚወጣው። ድሮ ያንን ፈርቼ ማዕበሉ ገና ሲያምር እወጣ ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው እቆያለሁ። የ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደው ታሂቲ፣ ቴአሁፖ ሪፍ ላይ ነበር፤ እዚያ ማዕበሉ ጋ የሚደረሰው በአብዛኛው በጀልባ ነው። በጀልባ ለሚሄድ ሰው ይህን ጫማ አልመክርም።

ጫማ አለኝ ብሎ ኮራል ላይ እንደ ልብ መሄድም ነውር ነው። ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ሲረገጥ ሊሞት ይችላል። እኔ አሸዋና ባዶ ድንጋይ እየመረጥኩ ነው የምረግጠው። የባሕር ጃርት ከሆነ ደግሞ ጫማው ብዙም አያድንም። አንድ ቀን እሾኹ በጎን በኩል ኒዮፕሪኑን በስቶ ገብቷል።

ትልቁ እንከኑ የጣቱ ስንጥቅ ነው። ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ እዚያ ይገባል። አንዴ ወድቄ ውሃ ስር ስንከባለል ገመዱ በጣቴ መካከል ተወጥሮ ያዘኝ። ቦርዱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። የቆየው ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

በ5ኛው ወር የግራው ሶል ከፊት ተላቀቀ። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፤ ፀሐይ ላይ እያሰጣሁት ነበር። በጨው አልባ ውሃ ማለቅለቅና ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነበረብኝ። ቁጥሩን በተመለከተ፣ ጠበብ ያለውን ውሰዱ፤ ሰፊው ውሃ ይቋጥርና እግር ያከብዳል።

ሶሉን ሁለቴ አጣብቄዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አላጣብቀውም። ቀጥሎ የምገዛው ከውጭ ድፍን የሆነና ጣት የሚለየው በውስጥ ብቻ የሆነውን ነው።